የእትዬ አይጣልም ጣሳ

ልደቱ ቅዳሜ ነበር፤ እትዬ አይጣልም ግን መፍራት የጀመሩት ረቡዕ ነው።

ሠላሳ ዓመት ኬክ የጋገረ ሰው ኬክ ይፈራል ቢሉት ማን ያምናል? በዚያ ሰፈር እንግዳ የጠራ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። ልጁ የተመረቀለት፣ ቤት የቀየረ፣ የእጮኛውን ቤተሰብ የጋበዘ፣ ሁሉም የሚለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ «እትዬ፣ ብዙ የማያለፋ፣ ግን እንግዳውን አጃኢብ የሚያሰኝ ኬክ አሳዩኝ።» እሳቸውም ያሳያሉ እንጂ አይደብቁም። ሲያስረዱ ዓይናቸው ያበራል። ብልሃቱም በእርግጥ ደስ የሚል ነው፤ ቀላሉ ኬክና አጃኢብ የሚያሰኘው ኬክ አንድ ሊጥ ናቸው። አንድ ብርጭቆ እርጎ፣ በዚያው ብርጭቆ ሁለት ስኳር፣ ሦስት የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ዘይት፣ ከዚያ ሦስት እንቁላል፣ ተፍቆ የተጨመረ የሎሚ ልጣጭ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ሚዛን አያሻም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት የሚችል ሁሉ ይጋግረዋል። ይህን ሊጥ አራት ማዕዘን መጋገሪያ ውስጥ ሲያፈሱት ተራ የሻይ ኬክ ይወጣዋል። መሀሉ ክፍት፣ ዙሪያው እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ክብ መጋገሪያ ውስጥ ሲያፈሱት ግን፣ በስሎ ሲገለበጥ ዘውድ ይመስላል። በሎሚ ጭማቂ የቀጠነ የስኳር ዱቄት አናቱ ላይ ሲፈስስበትና በየሽንሽኑ ሲወርድ፣ «ይሄን ከየት ገዛችሁት?» የማይል እንግዳ የለም። የሰፈሩ ልጆች ስም አውጥተውለታል፤ «ቀዳዳው ኬክ» ይሉታል።

ሙያው የመጣላቸው በጓሮ በር ነው። እትዬ አይጣልም ጉልበታቸውን የጨረሱት በአንድ ሆቴል የስፌት ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃ ሲቀመቅሙና አንሶላ ሲጥፉ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ኬክ የሚጋገርበት ክፍል ነበር። ኬክ ጋጋሪው ሆዱ ከሱሪው የሚቀድም፣ ምላሱ ከእጁ የማያንስ ሰው ነበር። እሳቸው የክሬም መጭመቂያ ከረጢት ይሰፉለታል፤ እሱ ደግሞ በምላሹ ያስተምራቸዋል። ካስተማራቸው ሁሉ በጣም የገባቸው የዱቄቷ ነገር ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬክ ከመጋገሪያው ጋር እንዳይጣበቅ ሁለት መንገድ አለ። አራት ማዕዘኑ ውስጥ ወረቀት ይነጠፋል፤ በቃ። ቀዳዳው ግን ሽንሽኑ ብዙ ስለሆነ ወረቀት አይቀበልም። እሱን ቅቤ ቀብተው ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ እያንዳንዱ ሽንሽን ነጭ እስኪለብስ እያዞሩ ያንቀረቅቡታል፤ ከዚያ ገልብጠው ቂጡን መታ መታ ሲያደርጉት ትርፉ ይረግፋል። ታዲያ ኬክ ጋጋሪው ያንን ትርፍ አይደፋም፤ በጣሳ ይቀበለውና ለሚቀጥለው መጋገሪያ ያስቀምጠዋል። «ዱቄት እኮ ነው እንጂ አፈር አይደለም!» ይል ነበር። ከመጋረጃ የተረፈች ጣት የምታህል ቁራጭ ሳይቀር ለሚያጠራቅሙ ሴት ይህ እንደ ወንጌል ነበር። «ይሄማ አይጣልም» ማለት የዘወትር ቃላቸው ስለሆነ ስማቸው ተረስቶ «እትዬ አይጣልም» ተባሉ። ጡረታ ሲወጡም የራሳቸውን ጣሳ ከኦቨኑ ጎን፣ ግድግዳው ላይ በተመታች ትንሽ መደርደሪያ አኖሩ።

ፍርሃቱ የመጣው ከልጅ ልጃቸው ከእንቡጥ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ የሕፃናት መዋያ ቤት ውስጥ ጓደኛዋ ብስኩት ቆርሳ ሰጠቻት። በብስኩቱ ውስጥ ለውዝ ነበረበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የልጅቷ ፊት አበጠ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ሆነ። ሐኪሞቹ ከሞት አፋፍ መለሷት። «አለርጂ ነው፤ ለውዝ የነካው ነገር እንኳ በአፏ እንዳይዞር» ብለው፣ እስክሪብቶ የምትመስል ጭን ላይ የምትወጋ መርፌ ለእናቷ ሰጧት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምራታቸው፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ወደ አማቷ ቤት ስትመጣ የልጅቷን ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። አንድ ቀንም «እጅዎን አላምነውም» ብላ አታውቅም። ምሳ ዕቃው ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይናገር ነበር።

አሁን እንቡጥ አምስት ዓመት ሊሞላት ሆነ። «ምን ይደረግልሽ?» ስትባል «የአያቴ ቀዳዳ ኬክ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላት። እናቷ ሁለት ቀን አሰበችበት። ረቡዕ ከሥራ መልስ መጣችና ኩሽናው መሀል ቆመች።

«እማማ፣ ቅር የሚልዎት ከሆነ ይቅርታ። ግን ማየት አለብኝ።»

«እዪ ልጄ፣ እዪ። ሆዴን ከፍቼ ባሳይሽ ደስ ባለኝ።»

«ሆድዎ ይቆየኝ፤ ቁምሳጥኑን ይክፈቱልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ምራቲቱም ቁምሳጥኑን አንድ በአንድ አየች። ምራቲቱ ለመሄድ ስትነሣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ እኔ ሌላ ልጅ የለኝም» አለች። እትዬ አይጣልም ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ባይናቸው አልዞረም።

ሐሙስ ቤቱ ተገለበጠ። አንድ ጠርሙስ ሙሉ ለውዝ ለጎረቤታቸው ለባለ ታክሲው ተሰጠ። «ጉድ ነው! እኔ ደግሞ የለውዝ መጋዘን ሆንኩላችሁ?» አለ፤ ማታ ግን ግማሹን ጨርሶታል። የቁምሳጥኑ መደርደሪያ በሙቅ ውኃ ተፈተገ። የእንጨት ማንኪያዎች ተቃጠሉና አዲስ ተገዙ። ወንፊቱ፣ መምቻው፣ ሳህኑ ሁሉ ተቀቀለ። አርብ አዲስ ዱቄት፣ አዲስ ስኳር፣ አዲስ ዘይት ገብቶ በአዲስ ዕቃ ተከደነ። ጣሳዋ ግን ከመደርደሪያዋ አልተነቀነቀችም። ለምን ቢባል፣ በእትዬ አይጣልም ልብ ውስጥ ጣሳዋ ከሚበሉት ነገሮች ወገን አልነበረችም፤ እንደ ኦቨኑ ማዞሪያ የቤቱ አካል ነበረች። የራሱን በር እጀታ «ታጥቧል?» ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ቅዳሜ ጠዋት ሊጡን ሁለት ጊዜ ለየብቻ አዘጋጁ። ቅርፊት እንዳይገባባቸው እንቁላሉን በብርጭቆ ጠርዝ ሳይሆን በቢላ ጀርባ ሰበሩት። የመጀመሪያውን ሊጥ ወረቀት የተነጠፈበት አራት ማዕዘን ውስጥ ገለበጡት። ቀዳዳውን ቅቤ ቀቡት። ከዚያ ቀኝ እጃቸው፣ ለዓመታት የሄደችበትን መንገድ ይዛ፣ ያለ አሳቢ ወደ ጣሳዋ ሄደች።

በጣሳዋ ውስጥ ያለውን እነሆ። ከሦስት ሳምንት በፊት የባለ ታክሲው ልጅ ስትመረቅ እትዬ አይጣልም የለውዝ ኬክ ጋግረው ነበር። ለእሱ ዓይነት ኬክ መጋገሪያው የሚነሰነሰው በተፈጨ የተቆላ ለውዝ ነው፤ ዳሩን ቡናማና ሻካራ ያደርገዋል። ትርፉም እንደ ወጉ መታ መታ ተደርጎ ወደዚችው ጣሳ ረግፏል። ይህን ሴትዮዋ ያውቃሉ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሐሳባቸው ሁሉ በአዲሱ ዱቄት ላይ ነበርና፣ እጃቸው ምን እንደሠራች አላዩም። ነሰነሱ፤ አዞሩ፤ መቱ፤ ትርፉን መለሱ። ሊጡን አፈሰሱ።

ኬኩ አማረ። ከኦቨን ሲወጣ አሥር ደቂቃ ጠበቁት፤ ቶሎ ከገለበጡት ይሰበራል፣ ካዘገዩት ይላብና ይጣበቃል። ሲገለብጡት አንዲት ፍርፋሪ ሳትቀር ወጣ። የሎሚውን ስኳር አፈሰሱበት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከዱቄቱ ጀምረው ሁሉንም በጣታቸው እየቆጠሩ ከለሱት። ዱቄት አዲስ፤ ስኳር አዲስ፤ ዘይት አዲስ፤ ማንኪያ አዲስ። ልባቸው ግን አንድ ነገር የቀረ ይመስል ይመታል። «የእርጅና ነው» አሉ ለራሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ልጃቸው፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ ፊኛ ሲነፋ ፊቱ ቀልቶ፤ የመዋያ ቤት ልጆች፤ ባለ ታክሲውና ሚስቱ። ሁለቱ ኬኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አራት ማዕዘኑን ግን ዞሮ ያየው የለም። እንቡጥ ወንበር ላይ ቆማ በኬኩ ቀዳዳ ቁልቁል ታያለች።

«አያቴ፣ ሳህኑ ይታያል!»

«ይታያል የኔ እንቡጥ።»

ምራታቸው ጠጋ ብላ በጆሯቸው፣ «ሁሉም አዲስ ነው አይደል እማማ?» አለቻቸው።

«ሁሉም አዲስ ነው፤ እውነቴን ነው።»

ሻማው ጠፋ። ተጨበጨበ። እትዬ አይጣልም ኬኩን ቆረሱ፤ የመጀመሪያው ቁራሽ ለባለ ልደቷ ተሰጠ። እሳቸው ተጨማሪ ሳህን ሊያመጡ ወደ ኩሽና ገቡ። ባለ ታክሲው ሳህኑን ይዞ ተከተላቸው።

«እትዬ፣ ሚስቴ ሳታይ አንድ ቁራሽ ቢደግሙኝ?»

«ገና የመጀመሪያውን መች ዋጥክና?»

«እየዋጥኩ ነው እንጂ!» ዳሩን ገመጠና ዓይኑን ጨፈነ። «ወይ ግሩም! የልጄን የምርቃቷን ኬክ አስታወሰችኝ። ዳር ዳሯ የተቆላ ነገር ይሸታል፤ ምን አድርገውባት ነው?»

እትዬ አይጣልም ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን ቀድሞ መደርደሪያዋ ላይ አረፈ። ጣሳዋ እዚያው ናት፤ ክዳኗ ላይ የጠዋት የጣት አሻራቸው በነጭ ታትሟል።

ምድር ከዳቻቸው። ባለ ታክሲው «እትዬ? እትዬ ምን ሆኑ?» ሲል እሳቸው ኮሪደሩ ውስጥ ነበሩ። ከኩሽና እስከ ሳሎን አሥር እርምጃ አይሞላም፤ በዚያች መንገድ ላይ ግን ሁለት ሐሳብ ተናነቃቸው። አንዱ «ጩኺ!» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ቀስ፤ ቀስ ብለሽ ሳህኗን ውሰጂ። ገና አልቀመሰችው ይሆናል። ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ካወቀች እኮ ምራትሽ ይህችን ልጅ ዳግመኛ በደጅሽ አታሳልፋትም» ይላል።

ሁለተኛውን ሰሙ። ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንደ ተጣፈ ጨርቅ ነበር። «እንቡጥዬ፣ አምጪ ሳህኑን፤ በትልቅ ልለውጥልሽ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ልጅቷ ሳህኑን ሰጠች። ቁራሹ ከዳሩ በኩል ተገምጧል። በትንንሽ ጥርሶች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንቡጥ ጉንጯ ሞልቶ ታኝካለች።

«ለውዝ አለበት!» አሉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። «ትፊው! ትፊው የኔ እናት! ዳሩ ላይ ለውዝ አለበት!»

«እማዬ፣ ምን?» አለ ልጃቸው፣ ፊኛው በእጁ እየተነፈሰ። ምራታቸው አልጠየቀችም። ልጇን አጎንብሳ በጣቷ አፏን ጠረገች፤ በውኃ አጉመጠመጠቻት፤ ቦርሳዋን ስባ መርፌዋን አወጣችና የልጅቷን ፊት ማየት ጀመረች። ሁሉም ያቺን አንዲት ፊት ያያል። አንድ ደቂቃ። ሁለት። እትዬ አይጣልም ሳህኑን እንደያዙ ቆመዋል፤ ማስቀመጥ አልቻሉም።

«ምንም አልሆነችም እኮ» አለች የባለ ታክሲው ሚስት በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ ከንፈሬን ይበላኛል» አለች እንቡጥ።

ከንፈሯ ሥር ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ዓይን እያየው ወደ አገጯ ወረደ። ከዚያ ሳለች፤ ደረቅ፣ ጠባብ ሳል። እናቷ መርፌዋን በልጅቷ ቀሚስ ላይ አሳልፋ ጭኗ ውስጥ ሰካችውና ድምፅዋ ሳይሰበር እስከ አሥር ቆጠረች። ልጅቷ ጮኸች። «ጩኺ፤ የጮኸ ይተነፍሳል» አለቻት እናቷ።

ባለ ታክሲው አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ሞተሩን አስነሥቷል። እናትና አባት ልጅቷን ይዘው ከኋላ፣ እትዬ አይጣልም ከፊት። ያ ቀልደኛ ሰው በመንገዱ ሁሉ ጡሩምባውን ብቻ ያስለቅሳል። እሳቸው ከኋላ የሚመጣውን ትንፋሽ ይቆጥራሉ። ሲረዝም ልባቸው ይመለሳል፤ ሲቋረጥ ልባቸው ይቆማል። «እኔን ውሰደኝ» ይላሉ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ። «እኔን፣ እኔን።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ እየሠራች ትጠይቃለች። «ምን በላች? ምን ያህል? መቼ?»

እትዬ አይጣልም መለሱ። «የተቆላ ለውዝ፣ የተፈጨ፣ ከፉርኖ ዱቄት ጋር የተደባለቀ። ኬኩ ውስጥ አይደለም፤ ዳሩ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ነው የገመጠችው፤ አውራ ጣቴን አታህልም። ግማሹን ተፍታለች። ሻማው በጠፋ በስድስተኛው ደቂቃ ገደማ ነው። መርፌው የተወጋው ከዚያ በአራት ደቂቃ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሁልጊዜ እንዲህ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ጥሩ ነበር» አለችና መጋረጃውን ሳበችው።

ሲመሽ እንቡጥ እስትንፋሷ ተስተካክሎ ተኛች። «የከፋው አልፏል፤ እስከ ነገ ግን ከዓይናችን አትርቅም» ተባለ። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረ። ምራቲቱ ወጥታ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ግድግዳውን በተደገፈው አግዳሚ ላይ፣ ከአማቷ ሁለት ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እትዬ አይጣልም ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው መሬት መሬት ያያሉ። የጣሳዋን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገሯት፤ አንድም አላስቀሩም።

«እማማ።»

«አቤት ልጄ።»

«‹ሳህኑን ልለውጥልሽ› ሲሏት አጠገባችሁ ነበርኩ። ያኔ አውቀው ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «አውቄ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«አንቺን። ልጅቷን ዳግመኛ አታሳዪኝም ብዬ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከኩሽናው ወጥቼ እስክጮኽ አሥራ አምስት ሰከንድ ይሆናል። ቆጥሬዋለሁ። ታክሲው ውስጥም ስቆጥረው ነበር።»

ምራታቸው ራሷን ወደ ግድግዳው ደገፍ አደረገች። «የዱቄቱ ነገር ይገባኛል» አለች። «ዱቄት ይረሳል። እኔ ራሴ ባለፈው ወር መርፌዋን ቤት ረስቼ ግማሽ ቀን ከልጄ ጋር ውዬ አውቃለሁ፤ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። እኔን የሚያስፈራኝ አሥራ አምስቱ ሰከንድ ነው።»

«እኔንም» አሉ እትዬ አይጣልም።

«አስፈራዎታለሁ?»

«ምሳ ዕቃሽ ያስፈራኛል።»

ምራታቸው ከቦርሳዋ የተማሪዎች ፈተና የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት አወጣች። «እንግዲህ ይንገሩኝ። ኩሽናዎን ከበሩ ጀምረው፣ አንድ በአንድ። ያጠቡትን ሳይሆን ያላጠቡትን። አልቆጣም አልልም፤ እቆጣ ይሆናል። ቢሆንም ይንገሩኝ።»

እትዬ አይጣልም ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ቤታቸው በሐሳብ ገቡ። «ከበሩ በስተቀኝ ማቀዝቀዣው፤ ውስጡን አጥቤዋለሁ፣ የበሩን ላስቲክ ግን አላጠብኩትም።»

«ላስቲክ» ብላ ጻፈች።

«ከበሩ ኋላ ሚስማር አለ። የክት ሽርጤን የምሰቅልበት…» ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ራሳቸው አዩ። ጥልፍ ያለው ሽርጥ። ኬኩን ሊያቀርቡ ሲሉ አጥልቀውት፣ በድንጋጤ ሳያወልቁት ሆስፒታል ድረስ ለብሰውት መጥተዋል። ንጹሕ ስለመሰላቸው ሐሙስ ዕለት አላጠቡትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ለውዝ ዘግነው ኪሱ ውስጥ መጨመር ልማዳቸው ነው። እጃቸው ወደ ኪሱ ሊሄድ ሲል መልሰው ያዙት።

«ልጄ፣ ይሄ ሽርጥ አልታጠበም። ኪሱ ውስጥ የለውዝ ልጣጭ ሳይኖር አይቀርም። ለብሼው ነው ካንቺ ጎን የተቀመጥኩት።»

ምራታቸው ከተቀመጠችበት ተነሥታ በእሳቸውና በልጅቷ ክፍል በር መካከል ቆመች። ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጣ። ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች፤ አፉን በሁለት እጇ ከፍታ ክንዷን ዘረጋች።

«እዚያው ይቁሙ። ቀስ ብለው ይፍቱት፤ እንዳያራግፉት።»

ፈቱት። እያጣጠፉ፣ ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርገው፣ ፌስታሉ ውስጥ አስገቡት። ምራታቸው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«አሁን እጅዎን እስከ ክርንዎ ታጥበው ይመለሱ» አለች፣ ወረቀቷን ከአግዳሚው ላይ እያነሣች። «ገና ከበሩ አልራቅንም።»